ያልዋጥኩት ጉንጭ

ሰካራም አይደለም አልኳችሁ! ስንት ጊዜ ልናገር? በሽርን ገበያ መሃል ሲንገዳገድ አይታችሁ «ይኼ ደሞ ገና በጠዋቱ ጀመረ» ያላችሁ፣ መንገድ የለቀቃችሁለት፣ ልጃችሁን ወደ ቀሚሳችሁ የሳባችሁ፣ እናንተኑ ነው የማወራው። ልጁ ከተወለደ የጠጣው አንድ ቀን ነው። አንድ ቀን! እሷንም ያጠጣሁት እኔ ነኝ። «አንተ ደሞ ቀልድህን ጀመርክ» እያላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። የለመዳችሁት ነው፤ እኔ አፌን ስከፍት እናንተ ጥርሳችሁን ትከፍታላችሁ። ዛሬ ግን ዝጉት። ይኼን ነገር ከጫፍ እስከ ጫፉ ለማንም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ቁራጭ ቁራጩን ሞክሬ ነበር፤ የሚቀበለኝ አጣሁ። ለቄስ እንዳልናገር ቄሱም ያውቁኛል፣ ገና ስጠጋቸው ነው ፈገግ የሚሉት።

እኔን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ሙሌ እባላለሁ፤ አሶሳ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ሰው በማሳቅ እዚህ ከተማ የሚደርስብኝ የለም። ጉራ ነው ካላችሁ ጉራ ይሁን፣ ግን እውነት ነው። ለቅሶ ቤት አስቄ ተባርሬያለሁ፤ ያባረሩኝ ሽማግሌ ራሳቸው በር ላይ ሲደርሱ ፈነዱ። ትምህርትና እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የተለያየነው፣ እሱም አልፈለገኝ እኔም አልናፈቀኝ። አያቶቼን ደርግ ከወሎ ጭኖ አምጥቶ ነው እዚህ ያራገፋቸው። እኔ ግን እዚሁ የሰፈራ አምባ ተወልጄ ከበርታ ልጆች ጋር ነው አፈር የፈጨሁት። በርትኛዬን የሰማ አባቴ ማን እንደሆነ ይጠራጠራል።

በሽር ከነዚያ ልጆች አንዱ ነው። መንደሩ በመንጌ መንገድ ላይ፣ ከኛ አምባ ብዙ የማይርቅ ነው። እናቱ እማማ ሃዋ እኔንም ከሱ እኩል ገንፎ ያበላችኝ ሴት ናት። በጋ በጋ አብረን መንጌ ሄደን ወርቅ አጥበናል። እሱ ጎንበስ ብሎ ሳፋዋን ሲያዞራት ውሃው በጠርዙ እየፈሰሰ፣ አሸዋው እየወጣ፣ ወርቋ መሃል ላይ ትቀራለች። እኔ ሳዞራት ግን ወርቁም አሸዋውም እኔም ወንዙ ውስጥ ነን። እጁ እንዲያ ነበር። ይኼን ያዙልኝ፤ እጁ እንዲያ ነበር።

ዙምባራም ይነፋ ነበር። ዙምባራ የበርታ ሰው የሚነፋው ረጅም መለከት ነው፤ ለማታውቁት። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዘፈኑን ለብቻው የሚነፋ የለም። ክብ ሠርተው እየዞሩ፣ እግራቸውን እኩል እየጣሉ፣ አንዱ ነፍቶ ሲያቆም ያኛው ይቀበላል፣ ከሱ ያኛው። ተራህ ሲደርስ ካልነፋህ ዘፈኑ ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል። በሽር ተራው አምልጦት አያውቅም። እኔንም አንዴ ሞክሩት ብለው አስገብተውኝ ነበር፤ ሰው ላስቅ ብዬ ያለተራዬ ነፋሁና ሽማግሌዎቹ በጆሮዬ ይዘው አስወጡኝ። በዚህ ቀንቼበት ይሆን? ራሴን እጠይቃለሁ።

እንግዲህ ያ ቀን። መንገድ የተዘጋበት ጊዜ ነው፤ የአሶሳ ሰው «የቱ?» አይለኝም፣ ያውቀዋል። ጭነት አይገባም፣ ቢራ የለም፣ አረቄም እየጠፋ ነው። አክስቴ አረቄ ቤት አላት፤ እትዬ ነው የምላት። እትዬ ቤት አንድ ሕግ አለ። መጀመሪያ ከጠርሙሱ መዳፏ ላይ ጠብ ታደርጋለች፣ ራሷ ትቀምሳለች፣ ከዚያ ነው ለሰው የምትቀዳው። የድሮ ሰው ወግ ነው፤ «ክፉ ነገር የለበትም፣ ካለበትም እኔን ያስቀድመኝ» ማለት ነው። «ሳይቀምስ የሚሰጥ እጅ ይቆረጥ» ትላለች። እውነቷን ነው።

ባምባሲ ለቅሶ ነበረባትና ሄደች። ቤቱን ለኔ ተወችው። «ያለችውን ለደምበኞቻችን ስጥ፣ ካለቀ አለቀ በል» አለችኝ። አለቀ ማለት! እኔ? እኔ ሙሌ «የለም» ብዬ ሰው ልመልስ? ለብር ብሎ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ ለብር ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ለጉራ ነው ያደረግኩት። ከተማው ሁሉ ሲያጣ ሙሌ ጋ አለ እንዲባል ነው።

ያኔ እንጨት ቤት ብርጭቆ ወረቀት እመታ ነበር፤ የወንበር እግር ማለስለስ ነው ሥራዬ። እዚያ ቫርኒሽ የሚያቀጥኑበት፣ ሲጨርሱ ብሩሽ የሚያጥቡበት ነጭ ነገር በጀሪካን አለ። ውሃ ይመስላል፤ ሽታው አረቄ አረቄ ይላል። አንዴ ሳሸተው ባለቤቱ ጋሽ ደምሴ አይተውኝ «እቺ ለእንጨት ናት፣ ለአፍ አይደለችም። ዓይን ታጠፋለች» ብለውኛል። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም አልልም። በነዚህ በሁለት ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ። ከዚያው ጀሪካን ቀድቼ በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁ። እትዬ ቤት በአንድ ጠርሙስ ግማሽ አረቄ፣ ግማሽ ከሱ አደረግኩ። ትንሽ መሬት ላይ ጠብ አድርጌ ክብሪት ጫርኩ፤ ነደደ። እኛ ጋ እሳት ከያዘው አረቄ ነው ይባላል። «አየህ፣ አረቄ ነው» አልኩት ራሴን። ራሴም አመነኝ፤ እኔን ማመን የሚወድ ሰው እሱ ብቻ ነው።

የቀረችውን ደህናዋን አረቄ ለነአያ ጌታቸው ቀዳሁ። አያ ጌታቸው ከኛው አምባ ናቸው፤ ምላሳቸው ሚዛን ነው፣ የማን ቤት አረቄ እንደሆነ በማሽተት ይለዩታል። ያቺን ሁለተኛዋን ጠርሙስ ለነሱ መጀመሪያ ብሰጣቸው ፊቴ ላይ ነው የሚተፉብኝ። ስለዚህ ደበቅኳት። ለማን? ለማያውቅ ምላስ። ለማያውቅ ምላስ ነው ያስቀመጥኳት።

ከሰዓት በኋላ በሽር መጣ። አረቄ ሊጠጣ አይደለም፤ እኔን ፍለጋ ነው። ፊቱ እንዲህ በርቷል። ሊያገባት የሚፈልጋት ልጅ ነበረች፤ ቤተሰቦቿ እሺ ብለዋል። ሠርጉ ላይ የዙምባራ ጓደኞቹ ሊነፉ ነው። በር ላይ ቆሞ ነገረኝ፣ ወደ ውስጥ አልገባም፤ አረቄ ቤት ገብቶ አያውቅማ።

«ግባ እንጂ ሙሽራው!» አልኩት እጁን ጎትቼ።

«ላ ላ፣ አይሆንም፣ እኔ እዚህ ይቆማል» አለ። አማርኛው እንዲያ ነው፤ እኔ ነኝ በልጅነታችን ያስተማርኩት፣ አስተማሪው እኔ ከሆንኩ ምን ትጠብቃላችሁ?

አስገባሁት። አስቀመጥኩት። መለኪያ አቀረብኩለት። «ሐራም ነው ያ አኺ» አለኝ። ወንድሜ ማለቱ ነው። ቤቱ ሁሉ እያየን ነው፣ አያ ጌታቸው ሞቅ ብሏቸዋል። ሰው ካየኝ እኔ ደግሞ አልችልም፤ አፌ ብቻውን ይሄዳል።

«አያ ጌታቸው፣ ይኼ ሰው ሚስት ሊያገባ ነው፣ ጠብታ አረቄ ፈራ!» አልኩ።

«ጠብታ ከፈራማ ልጅቷን እንዴት ሊያደርግ ነው?» አሉ አያ ጌታቸው።

ቤቱ ፈረሰ በሳቅ። በሽርም ሳቀ፣ ግን ጆሮው ቀላ። እኔ ያኔ ማቆም እችል ነበር። ሳቁን አግኝቻለሁ። ምን ቀረኝ? እኔ ግን ያልጨረስኩት ነገር አለኝ። ሰክሮ የማያውቅ ሰው ያሰከረ ሙሌ፤ እሷ ናት የቀረችኝ።

በሽር ወደ ጠርሙሱ አየ። የእትዬን ሕግ ያውቃል፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «አንተ መጀመሪያ ይጠጣል» አለኝ። «አንተ ከጠጣ፣ እኔም ይጠጣል። አንተ ወንድሜ።»

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። መዳፌ ላይ አፈሰስኩ። መዳፌን ወደ አፌ ወሰድኩ። አልጠጣሁም። ከከንፈሬ በታች አድርጌ በእጄ አንጓ በኩል ወደ እጅጌዬ ለቀቅኩት፤ በአንገቴ ዋጥኩ፣ ጉሮሮዬን ከፍ ዝቅ አደረግኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ «እህህ! እሳት!» አልኩ። ጎበዝ ነኝ በዚህ። ልጅ ሆኜ የወባ ኪኒን መራራ ስለሆነ ዋጥኩ እያልኩ እናቴን ሳታልል ነው ያደግኩት፤ ኪኒኑን ከምላሴ ስር አድርጌ አፌን ከፍቼ አሳይቻት እንኳን አላገኘችውም። ሁሉም አዩኝ። አያ ጌታቸው «ጎሽ!» አሉ። በሽር ጉሮሮዬን ነው የሚያየው።

መለኪያውን አነሳ። ቢስሚላህ ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ጠጣ። ፊቱ ሲጨማደድ ሰው ሳቀ። ደገምኩለት። ሰው እንደገና ሳቀ፣ ጨመርኩለት። ሳቅ እስካለ ድረስ ቀዳሁ።

«ጉዳቱን አላወቅኩም ነበር» ልበላችሁ? ብዬ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ለራሴ ብያለሁ። ራስ ምታት መስሎኝ ነው፣ ቢበዛ ቢያስመልሰው ነው እላለሁ። እሺ ሙሌ፣ ራስ ምታት ከመሰለህ ለምን አልዋጥክም? አንድ ጉንጭ ናት። ራስ ምታት ይዞህ አያውቅም? ካላወቅክ ለምን አልዋጥክም? ይኼን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ ራሴን የምጠይቀው፣ ባጃጅ እየነዳሁ፣ ሰው ጭኜ፣ እየቀለድኩ። ለምን አልዋጥክም?

ማታውን ምንም አልሆነም። በማግስቱ እማማ ሃዋ ሰው ላከችብኝ። ስደርስ በሽር ሆዱን ይዞ ያስመልሳል፣ ይተነፍሳል ግን አየር አልበቃው ያለ ይመስላል። «ሙሌ፣ ጉም ነው» ይለኛል። «ቤቱ ውስጥ ጉም አለ?» ፀሐይ እኮ ነው፤ ጠራራ ፀሐይ። ጋሽ ደምሴ ያሉኝ ያኔ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ዓይን ታጠፋለች።

በሞተር ጤና ጣቢያ ወሰድነው፤ እኔ ከኋላ ደግፌው። ነርሷ ጠየቀች። እኛ አገር የታመመ ሁሉ መጀመሪያ ወባ ነው፤ እሷ ግን ጎበዝ ናት፣ ዓይኑን ስታይ ቆም አለች። «የጠጣው ነገር አለ? አረቄ፣ ምናምን?» አለች። እኔን እያየች ነው፤ በሽር መናገር አልቻለም።

እኔ ምን አልኩ? «ሲስተር፣ እስላም ነው እኮ! ከውሃ ሌላ ምን ያውቃል?» አልኩ። እንደ ቀልድ። እሷም ፈገግ አለች። አለባበሱን አየች፣ የእናቱን ሻሽ አየች፣ አመነችኝ። ውሸት አልተናገርኩም እኮ። እስላም ነው። ከውሃ ሌላ አያውቅም። እውነቱን ይዤ ነው ልጁን የቀበርኩት። የወባ ነገር ሰጡት፣ ግሉኮስ አደረጉለት። ሆስፒታል የተላከው ራሱን ሲስት ነው።

አልሞተም። ቢሞት ኖሮ እኔም ምናልባት ያኔውኑ እለፈልፍ ነበር፤ ሬሳ ፊት የሚዋሽ አንጀት የለኝም። አልሞተማ። ዓይኑም ቀስ በቀስ ተመለሰለት፣ ሙሉ ባይሆንም ሰው ይለያል። እልልል ተባለ። እኔም «ኧረ ተመስገን፣ አለቀ» አልኩ።

አላለቀም። ሲነሳ እግሩ አልታዘዝ አለው። ሄደት ሲል እግሩ መሬት ላይ እንደተጣበቀ ነው፤ ሲላቀቅ ደሞ ያለቦታው ያርፋል። መዞር ሲፈልግ ሰውነቱ ቀድሞ ይዞርና እግሩ ይቀራል። ብርጭቆ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ውሃው ደረቱ ላይ ነው። ፊቱ ደረቀ፤ ሲስቅ እንኳ አይስቅም። ምላሱም ከብዶ ቃሉ እየተጎተተ ነው የሚወጣው። ሰካራም፣ አይደል? ያላወቀ ሰው ሌላ ምን ይለዋል?

ዙምባራውን ሞከረ። እኔ ቆሜ አይቻለሁ። ክቡ ዞረ፣ ተራው ደረሰ፣ ወደ አፉ ሲያደርሰው ተራው አልፏል። ነፋ፣ ያለቦታው። አንዴ ጠበቁት። ሁለተኛ ጊዜ ከኋላው ያለውን ሰው ገጭቶ ክቡ ተበተነ። አንዱ ሽማግሌ መለከቱን በቀስታ ከእጁ ወሰዱት። እኔን እንዳወጡኝ በጆሮው አልያዙትም። በክብር፣ ትከሻውን ይዘው ነው ያወጡት። የኔው ይሻል ነበር።

የልጅቷም ቤተሰብ ወሬውን ሰማ። «ልጃችሁ በድብቅ ይጠጣል፣ መንገድ ላይ ሲወድቅ ታይቷል» ተብሎ ተነገራቸው። ተዉት። እማማ ሃዋ «ልጄ አይጠጣም» ብላ ሄዳ ማለች። በልጇ ነው የማለችው።

የኔን ጉድ ገና መች ጨረስኩ? ባጃጅ ከያዝኩ በኋላ ተራ ስንቀመጥ አካሄዱን አስመስዬ አሳይ ነበር። እግሬን እንዲህ አጣብቄ፣ እጄን አንቀጥቅጬ። ያስቃል፤ እኔ ስሠራው ሁሉም ነገር ያስቃል። አንድ ቀን መሃል ላይ ስዞር በሽር ቆሟል። «ጥሩ ነው ያ አኺ» አለኝ እየተጎተተ። «ግን ቀኝ እግር ነው። ግራ አይደለም።» እሱም ሊያስቅ ፈልጎ ነው። ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ደሞ አንዲት ዶክተር መጣች። ጥናት ላይ ነኝ አለች፤ መጥፎ አልኮል የጠጡ ሰዎች ከዳኑ በኋላ እጅና እግራቸው ለምን እንደማይስማማ ነው የምታጠናው። ወጣት ናት፣ ሻንጣ የሚያህል ቦርሳ ይዛለች። ሆስፒታል ስለ በሽር ምልክቶች ሰምታ ልታየው ፈለገች። ባጃጅ የጠየቀችው ማንን? እኔን። በርትኛ የሚያስተረጉምላት ማን ተገኘ? እኔ። እግዜርም ቀልድ ይወዳል።

በሽርን ደጃፉ ላይ አስቀምጣ «ጣቴን ንካ፣ ከዚያ አፍንጫህን ንካ» አለችው። ጣቱ እየዞረ፣ እየሳተ ጉንጩን ነካ። «በአንድ መስመር ሂድ» አለችው፣ ደግፋ። ሳፋ እያዞረ ወርቅ የሚለይ እጅ ነበር ይኼ።

ከዚያ ወደ እማማ ሃዋ ዞረች፤ እማማ ሃዋ አማርኛ አትችልም። «ከመታመሙ በፊት የጠጣው ወይ የበላው የተለየ ነገር ነበር ወይ በልልኝ» አለችኝ። ጠየቅኳት። እማማ ሃዋ ወደኔ አየችና በርትኛ እንዲህ አለች፦ «ያን ቀን ከናንተ ዘንድ ነው የመጣው። ልብሱ እንደ ቀለም ይሸት ነበር። እዚያ ምን እንደቀመሰ አንተ ታውቃለህ፤ አንተው ንገራት ልጄ።»

ልጄ ነው ያለችኝ።

«ምን አለች?» አለች ዶክተሯ።

«ምንም የተለየ ነገር የለም፣ ወባ ነው ነው የምትለው» አልኩ።

በሽር አማርኛም በርትኛም ይሰማል እኮ። ሁለቱንም ሰምቷል። ቀና ብሎ አየኝ፤ አሁን ያወጣዋል አልኩ። አንገቱን ደፋ። ዶክተሯ «አንተስ? ጠጥተህ ታውቃለህ?» ስትለው «እኔ እስላም ነኝ» አለ። የኔን መልስ።

ስንወጣ እጄን ያዘኝ፤ እጁ በእጄ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። «አላህ ይስጥህ» አለኝ። «ሰው ፊት አንተ እኔን ሸፈነ።»

ገባችሁ? ውሸቴን ውለታ አድርጎ ነው ያየው። የሱን ነውር የሸፈንኩለት መስሎታል። እሱ ከጅምሩም ምን እንደያዘው ያወቀ ይመስለዋል፦ ሐራም ነገር ጠጣ፣ አላህ ቀጣው፣ አለቀ። ለዚህ ነው አጉረምርሞ የማያውቀው። የኔን ጀሪካን በአላህ ላይ አሳብቤ በሦስት ጎማዬ ስበር ነበር ማለት ነው።

ስንመለስ ዶክተሯን በዘዴ ጠየቅኳት። «ዶክተር፣ እንበልና ሰዎች አንድ ቤት አብረው ቢጠጡ፣ ለምንድነው አንዱ ብቻ የሚጎዳው?» አልኳት። እሷም ባጃጁ እየጮኸባት ድምጿን ከፍ አድርጋ አስረዳችኝ። መጥፎው ነገር ራሱ ሲገባ አይደለም አሉ የሚጎዳው፤ ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ነው ወደ መርዝ የሚለወጠው። ያ መርዝ ዓይንን ይመታል፣ ከዚያ አንጎል ውስጥ እጅና እግርን የሚያስማማውን ቦታ ያቃጥላል። ደህና አረቄ ቀድሞ የጠጣ ሰው ግን አረቄው መንገድ ይዘጋበታል፤ መጥፎው ሳይለወጥ ይወጣል። ሰካራሞቹ የሚተርፉት ለዚህ ነው። ኋላ ላይ፣ ምላሳቸው ከደነዘዘ በኋላ፣ ከዚያው ጠርሙስ ለነአያ ጌታቸውም ቀድቼላቸው ነበር፤ በማግስቱ ራሳቸውን ብቻ ነው ያመማቸው። ጠጥቶ የማያውቀው ነው ያለ ምንም ከለላ የተቀበለው። ንጹህ ሆኖ መምጣቱ ነው የጎዳው።

«ይድናል?» አልኳት።

«የተቃጠለው አይመለስም» አለች። «በመጀመሪያው ቀን ነግረውን ቢሆን የሚደረግ ነገር ነበር። ሁልጊዜ አይነግሩንም፤ ሰው ያፍራል።» ከዚያ ወደ ውጭ እያየች «የጠጣውን ሳላውቅ ደግሞ ጥናቱ ውስጥ ላስገባው አልችልም» አለች። እኔ ጉድጓድ ልስት ብዬ መሪውን አዞርኩ። እንዲያውም ቀልድ ነገርኳት፣ ሳቀች።

ሳምንቱን እንቅልፍ የለም። ሄድኩ። በሽርን ብቻውን አገኘሁት፤ ከቤቱ ኋላ ማንጎ ጥላ ስር ነው። ነገርኩት። ጀሪካኑን፣ ጠርሙሱን፣ መዳፌን። «አልዋጥኩም፤ በእጅጌዬ ነው ያፈሰስኩት። አላህ አይደለም የቀጣህ። እኔ ነኝ» አልኩት። አልቅሼም ነበር።

«አንተ ጠጣ» አለኝ። «እኔ አየ። ጉሮሮ ወረደ፣ እኔ አየ።»

«ማስመሰል ነው በሽር! እኔ እኮ ነኝ፣ ታውቀኛለህ!»

«አንተ እኔን ለማስደሰት ይዋሻል» አለ። «አላህ አንተን ተወ፣ አንተ አታውቅም። እኔ ያውቃል። አውቆ ያጠፋ እኔ ነኝ። ኸላስ፣ አለቀ።» ከዚያ በዚያ በማይስቀው ፊቱ ሊስቅ ሞከረ። «አሁን በዚህ አትቀልድ ያ አኺ።»

ለእትዬ ነገርኳት። ፊቷን አጠቆረች፣ ከዚያ «አያ ጌታቸው ራሳቸው ስትጠጣ አይተውሃል፤ ያልሠራኸውን ወንጀል ምን አሸከመህ? ያመመህ ነገር አለ?» ብላ ጠበል ልትወስደኝ ፈለገች። ለዶክተሯ ደወልኩ። «ከልጁ ወይም እዚያ ከነበረ ሰው ማረጋገጥ አለብኝ» አለችኝ። ልጁን ጠየቀችው፤ እናቱ አጠገቡ ናት፣ አልጠጣሁም አላት። በቃ። እዚህ ላይ ቆመ። እሱ ሰካራም ሆኖ በከተማው ቀረ፣ ወንጀለኛ ሆኖ በአላህ ፊት ቀረ፣ ከጥናቱም ወጣ። እኔ ጨዋ ሆኜ ቀረሁ። ደግ ጓደኛ፤ አሞታል ተብሎ የሚታዘንለት።

ይቅርታ አልጠይቅም። የሚምረኝ ሰው አንድ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚምረው ነገር አልታየውም። ይቅርታውን ቢሰጠኝ እንኳ ለሌላ ሙሌ ነው የሚሰጠው፤ ለጠጣው ሙሌ። ያ ሙሌ የለም። ሰው ሁሉ አይቶታል እንጂ ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ ያላመናችሁኝ ሂዱ። አሶሳ ሩቅ አይደለችም። አያ ጌታቸው አሁንም ጠዋት ጠዋት እዚያው ናቸው፣ ጠይቋቸው። ያን ቀን አጠገባቸው የነበሩትን ጠይቁ፣ ጎን ለጎን የሳቁትን። በሽርን ራሱን ጠይቁት፣ ታግሳችሁ ስሙት፣ ቃሉ ቶሎ አይወጣለትም። አንዳቸውም አይዋሹም። እጃቸውን አንስተው፣ በየእምነታቸው እየማሉ «ጠጥቷል፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ነው የሚሏችሁ። ሂዱና ጠይቁ።